ጸሊም የተባለው አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ የአባ ሙሴ ጸሊምን ሕይወት በአጭሩ ላቀርብላችሁ አስቤአለሁ። አስቀድሜ ግን ይህን ታሪክ እንዳነብ ያደረገኝን ምክንያት ልናገር። ምክንያቱ የሚያኮራኝ አይደለም።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን የድራማ ክፍል ለሰኔ 24 የአባ ሙሴን ታሪክ በተውኔት ለማሳየት ሲያስብ ሚና የማከፋፈሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። አባ ሙሴን ማን ይሁን የሚል ጥያቄ ሲነሣ ከመካከላችን መልኩ ጠቆር ወዳለው ወንድማችን በጣቴ አመለከትሁና እርሱ ከሰል መቀባት እንኳ አያስፈልገውም ብዬ ቀለድሁ። ሁሉም ሳቀ፤ እርሱም ሳቀ። በሚቀጥለው እሑድ ግን አልመጣም። ከዚያ በኋላ በነበረውም እሑድ መቀመጫው ባዶ ነበር። መምህራችን ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡኝም፤ ልምምዱ ከመቀጠሉ በፊት የአባ ሙሴን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤ ለክፍሉ እንድናገር ብቻ አዘዙኝ። እንግዲህ ያነበብሁት ይህ ነው።

ባርያውና ወንበዴው

አባ ሙሴ የኖረው በግብፅ አገር በ4ኛው መቶ ዓመት ነበር። ታሪኩን ከጻፉት መካከል አንዱ ጳላድዮስ የተባለ ጳጳስ ሲሆን፣ እርሱም በግብፅ በረሃ ከመነኮሳት ጋር ኖሮ ያየውንና የሰማውን በ420 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በመጽሐፍ አስፍሮታል። እንደ እርሱ አጻጻፍ ሙሴ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ በመልኩም ጥቁር ነበር። የአንድ ባለ ሥልጣን ባርያ ሆኖ ሲያገለግል በስርቆቱና በክፉ ጠባዩ ምክንያት ጌታው ከቤቱ አባረረው። ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ተማምኖ ወንበዴ ሆነ፤ የወንበዴዎችም አለቃ እስከ መሆን ደረሰ።

ጉልበቱን ለማሳየት ጳላድዮስ የሚተርከው አንድ ታሪክ አለ። አንድ ጊዜ ሙሴ በሌሊት ለክፉ ሥራ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኸው አሰናከሉት። ሙሴም በእረኛው ላይ ቂም ያዘና ሊገድለው ፈለገው። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን ሰማ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ እርሱ ግን ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ፣ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስላመለጠው ከመንጋው አራት ሙክቶች መርጦ አረደና በገመድ አስሮ እየጎተተ እንደ ገና ወንዙን በዋና ተሻገረ። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ፤ ጠጥቶም ወደ ጓደኞቹ ለመድረስ ሃምሳ ምዕራፍ ያህል መንገድ በእግሩ ሄደ።

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሰዎች ይፈሩት የነበረው ስለ ቆዳው ቀለም ሳይሆን ስለ ሥራው ነበር፤ መፍራታቸውም ተገቢ ነበር።

የነጻችው ሰሌዳ

በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው ሙሴ እግዚአብሔርን አያውቅም ነበር። ፀሐይን ከሚያመልኩ ሰዎች ጋር ስለኖረ ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ፣ አምላክ ከሆነች እንድትነግረው ይጠይቃት ነበር። መልስ ግን አላገኘም። በአስቄጥስ ገዳም፣ ማለትም ዛሬ ዋዲ ናትሩን በሚባለው በረሃ፣ የሚኖሩ መነኮሳት እውነተኛውን አምላክ እንደሚያውቁ ሲሰማ ሰይፉን እንደታጠቀ ወደዚያ ሄደ። በመጀመሪያ ያገኘው አባ ኢስድሮስን ነበር። አባ ኢስድሮስ ሲያየው ደነገጠ፤ የመጣበትን ጉዳይ ከሰማ በኋላ ግን ወደ ታላቁ አባት ወደ አባ መቃርስ ወሰደው።

ሙሴ ኃጢአቱን ሁሉ ሳይደብቅ በተናዘዘ ጊዜ አባ መቃርስ አንድ መልአክ ሰሌዳ ይዞ ቆሞ አየ። ሰሌዳው በጥቁር ጽሕፈት ተሞልቶ ነበር። ሙሴ አንድ ኃጢአት በተናዘዘ ቁጥር መልአኩ አንዱን ጽሕፈት ይፍቀዋል፤ ኑዛዜው ሲፈጸም ሰሌዳው ፈጽሞ ነጣ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ እዚህ ላይ ልብ እንበል። የነጣው ሰሌዳው ነው። ሙሴ ከአባ መቃርስ ፊት የተነሣው ያንኑ ጥቁር ቆዳውን ይዞ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 13 ቁጥር 23 ኢትዮጵያዊ መልኩን መለወጥ የማይችል መሆኑን በምሳሌ ሲናገር የወቀሰው ክፋትን የለመዱትን ሰዎች እንጂ የሰውን ቆዳ አልነበረም፤ የለመዱትን ክፋት መተው መልክን የመለወጥን ያህል የሚከብድ መሆኑን ሲያስረዳ ነው። በሙሴ ሕይወት ግን እግዚአብሔር ያንን ከባዱን ነገር፣ ክፉ ልማዱን፣ ለወጠለት። መልኩን እንደ ነበረ ተወለት፤ መለወጥ የሚያስፈልገው አልነበረምና።

ተጋድሎው

ከምንኵስናው በኋላ የነበረው ጊዜ ቀላል አልነበረም። የቀድሞ ኑሮው በሕልሙ እየመጣ ያስጨንቀው ስለ ነበር ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን በበዓቱ መካከል ቆሞ በጸሎት ያሳልፍ እንደ ነበር ተጽፏል። ዓባይን ለበቀል የዋኘበት ያ ጉልበትም ሌላ ሥራ አገኘ። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ውኃ ለመቅዳት አቅም ያነሳቸውን የሽማግሌዎች መነኮሳት እንስራ እየወሰደ፣ ከሩቅ ጉድጓድ ቀድቶ በየደጃቸው ያኖርላቸው ነበር። አንድ ሌሊት በጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ በዱላ ወገቡን ተመትቶ ወደቀ፤ ከዚያም የተነሣ አንድ ዓመት ያህል ታመመ። መጽሐፉ መቺው ሰይጣን እንደ ነበረ ይናገራል።

አራት ወንበዴዎችም ማንነቱን ሳያውቁ ወደ በዓቱ ገብተው ነበር። እርሱ ግን አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ጆንያ በጀርባው ተሸከማቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው፤ ማንንም ለመጉዳት ያልተፈቀደለት ስለ ሆነ ምን ያድርጋቸው ዘንድ አባቶችን ጠየቀ። ወንበዴዎቹ የያዛቸው ያ ስመ ጥር ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ እነርሱም ዓለምን ንቀው መነኰሱ።

የቃል ዱላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በዚያ ዘመን በግብፅ በረሃ ጥቁር መሆን ምን ማለት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በሀገሩ ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር በጥቁር ሰው መልክ ይታሰብ ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ የአባ እንጦንስን ሕይወት በጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ሰይጣን በጥቁር ልጅ መልክ ታየ ተብሎ ይተረካል። አባ ሙሴ ይኖር የነበረው እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ከሚሰሙና ከሚተርኩ ሰዎች መካከል ነበር። ሰዎች ርኩስ መንፈስን የሚስሉበት መልክ የእርሱ መልክ ነበር።

አንድ ጊዜ በአስቄጥስ ጉባኤ ተደርጎ ሳለ አባቶች ሊፈትኑት ፈልገው፣ ይህ ኢትዮጵያዊ በመካከላችን ምን ሊያደርግ መጣ ብለው በፊቱ ናቁት። እርሱ ዝም አለ። ጉባኤው ከተፈታ በኋላ አልተበሳጨህም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ልቡ መታወኩን፣ ነገር ግን አለመናገሩን ሳይደብቅ ገለጠ። ይህን ሳነብ ያ የሳቀው ወንድማችን ትዝ አለኝ። ለካ ዝም ያለ ሰው ሁሉ አልተሰማውም ማለት አይደለም። የሳቀም እንደዚያው።

ለቅስና በቀረበ ጊዜ ደግሞ ሊቀ ጳጳሱ ትሕትናውን ለማወቅ ወደ መቅደስ ሲገባ እንዲያባርሩት ካህናቱን አዘዘ። እነርሱም በጥቁረቱ እየሰደቡ አስወጡት። አባ ሙሴ እየወጣ ራሱን ሲገሥጽ ያንኑ የተሰደበበትን ቃል አንሥቶ በራሱ ላይ ተናገረው፤ ቆዳው እንደ አመድ የጠቆረ መሆኑንና ከሰው መካከል ሊቆም እንደማይገባው ለራሱ ነገረ።

እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምሁ። ወደ መምህራችንም ሄጄ ቅዱሱ ራሱ እንዲህ ካለ ጥቁረት ነውር ነው ማለት ነውን ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ቀስ ብለው አስረዱኝ። መነኩሴ ራሱን ለማዋረድ ሲፈልግ ሰዎች የወረወሩበትን ድንጋይ አንሥቶ ኩራቱን ይመታበታል፤ ድንጋዩን የወረወሩት ሰዎች ግን ትክክል ነበሩ ማለት አይደለም። አባ ሙሴ የመታው የቀድሞውን ወንበዴ ነው። ይህን ተጋድሎ ራሱ በፈቃዱ የሚመርጠው እንጂ ሌላው በወንድሙ ላይ የሚጭነው አይደለም፤ ማንም ወጣት ከዚህ ተነሥቶ እግዚአብሔር የሰጠውን መልክ መጥላት አለብኝ ብሎ እንዳያስብ አሉኝ። ቀጥለውም አንድ ነገር ጠየቁኝ። ካህናቱ እርሱን ለመፈተን ከስድብ ሁሉ ያንን ለምን መረጡ? ወንበዴነቱን፣ ነፍሰ ገዳይነቱን ማንሣት ይችሉ ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ። የበለጠ የሚያምመው የትኛው እንደ ሆነ ስላወቁ ነው። እኔም ያን ቀን ከቀልድ ሁሉ ያንን ቀልድ የመረጥሁት ሳላውቅ አልነበረም።

አባ ሙሴ በተሾመ ጊዜ ነጭ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ሳለ ሊቀ ጳጳሱ ሁለንተናው እንደ ነጣ ነገረው። የአባ ሙሴ መልስ ግን ጥያቄ ነበር፤ በውጭ የነጣሁትን ያህል በውስጤም ነጽቼ ይሆንን የሚል ነበር። ሰዎች ስለ ውጭው ሲነግሩት እርሱ ስለ ውስጡ ያስብ ነበር። ነጩን ልብስ ቢለብስም ከልብሱ በታች ያለው ቆዳ ያው ነበር፤ በዚያም ቆዳ መሥዋዕቱን አቀረበ።

መኰንኑ ያላወቀው ሰው

ዝናው እየተሰማ በሄደ ጊዜ አንድ የሀገር መኰንን ሊያየው ወደ አስቄጥስ መጣ። አባ ሙሴ ይህን ሰምቶ ከውዳሴ ሊሸሽ ሲወጣ በመንገድ ተገናኙ። መኰንኑም ሳያውቀው የአባ ሙሴ በዓት ወዴት እንደ ሆነ ጠየቀው። እርሱም ያ ሰው ሞኝ ስለ ሆነ ምን ያደርግላችኋል ብሎ አለፈ። መኰንኑ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሰማውን ሲናገር ካህናቱ እንዲህ ያለውን ቃል የተናገረው ሰው መልኩ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ጠየቁ። አሮጌ ልብስ የለበሰ፣ ረጅም፣ ጥቁር ሽማግሌ ነው ተባሉ። ያ እርሱ ራሱ አባ ሙሴ ነው አሉት። መኰንኑ የሚፈልገውን ቅዱስ በዓይኑ አይቶ፣ በጆሮውም ሰምቶ ሳያውቀው ቀረ። ቅዱስ ሰው ምን መምሰል እንዳለበት በሐሳቡ የያዘው ሌላ ሥዕል ኖሮ ይሆን? መጽሐፉ አይነግረንም፤ ለእኛ ግን ራሳችንን የምንጠይቅበት ነው።

በሌላ ጊዜ አንድ መነኩሴ አጥፍቶ አባቶች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡና አባ ሙሴን አስጠሩት። እርሱም በተሰነጠቀ ዕቃ ውኃ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ ውኃው በስተኋላው ይንጠባጠብ ነበር። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት የእርሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላ ሰው ኃጢአት ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ይህን ሰምተው ወንድማቸውን ይቅር አሉት። በመልኩ የተፈረደበት ሰው በማንም ላይ ሊፈርድ አልወደደም። እኔ ብሆን የተሰደብሁትን በሌላው ላይ እወጣው ነበር ይሆናል።

ዕረፍቱ

በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዘላን ወራሪዎች ወደ ገዳሙ ሲገሠግሡ አባ ሙሴ አብረውት የነበሩትን መነኮሳት መሸሽ የሚፈልግ እንዲሸሽ ነገራቸው። እርሱ ግን አልሸሸም። ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንደሚጠፋ ጌታ የተናገረውን በማሰብ ይህን ቀን ብዙ ዓመት ሲጠብቅ መኖሩን ገለጠላቸው። እነርሱም ከእርሱ አልተለዩም። ወራሪዎቹ ገብተው ገደሏቸው። ተደብቆ የነበረ አንድ መነኩሴ ሰባት አክሊሎች ከሰማይ ሲወርዱ አየ። ጳላድዮስ እንደ ጻፈው አባ ሙሴ በዚህ ዓለም የኖረው 75 ዓመት ሲሆን 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ አልፏል። ዐፅሙ በዋዲ ናትሩን በሚገኘው በበራሙስ ገዳም በክብር ተቀምጧል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በየዓመቱ ሰኔ 24 ታስበዋለች።

የምታስበውስ በምን ስም ነው? ሙሴ ጸሊም፣ ጥቁሩ ሙሴ ብላ ነው። የተሰደበበት ስም የክብር ስሙ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስሙን አልቀየረችውም፤ አላለዘበችውም።

ወደ እኛ ስንመለስ

እኛ አባ ሙሴን ኢትዮጵያዊ ነው እያልን እንኮራበታለን። መኩራታችን መልካም ነው። ግን ኢትዮጵያዊ የሚለው ቃል በግሪክኛ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ፤ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ፣ ጥቁር ማለት ነው። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። እንግዲህ የወንድሙን ጥቁረት የሚሰድብ ኢትዮጵያዊ በገዛ ስሙ ላይ ይሥቃል።

ይሁን እንጂ በየቤታችን የሚሆነውን እናውቃለን። ሕፃን ሲወለድ ወንድ ነው ሴት ከተባለ በኋላ ቀይ ነው ወይስ ጠይም ተብሎ ይጠየቃል። ልጅቱ ጠቆር ካለች ጠባይዋ ግን መልካም ነው ይባላል፤ ያ «ግን» የሚለው ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ይከተላታል። አፍንጫው ሰልካካ፣ ጠጕሩ ሉጫ ያልሆነ ሰው ከቆንጆዎች ቁጥር አይገባም። ከዚህም የከፋ አለ፤ ጥቁር ቆዳን ከባርነት ጋር የሚያያይዘው ስድብ ነው። በሀገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ግን አዋጁን ያልሰማ ይመስል አሁንም በየመንደሩ ይሰማል። ሰዳቢው አባ ሙሴ ራሱ ባርያ እንደ ነበረ ቢያስታውስ ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር።

ይህን ሲሰሙ ያደጉ ብዙዎች ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ይገዛሉ። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ያለባቸው ሲሆኑ ኩላሊትን ይጎዳሉ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በሜርኩሪ ላይ የተደረገው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያሉ ቅባቶች እስከ 2020 ድረስ ከምርትና ከንግድ እንዲወጡ ቢደነግግም ዛሬም በድብቅ የሚሸጡ አልጠፉም። ገዢዋን እኅታችንን ግን ብቻዋን አንውቀስ። ቅባቱን እንድትፈልግ ያደረጋት የእኛ ሣቅ ነው።

ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ንጉሥ ሊቀባ በሄደ ጊዜ ቁመቱና መልኩ ያማረውን የበኵር ልጅ አይቶ እርሱ መስሎት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ሰው ፊትን ሲያይ እርሱ ልብን የሚያይ መሆኑን አስተማረው። ነቢይ እንኳ በዚህ ከተሳሳተ እኛማ ምንኛ መጠንቀቅ ይገባናል! እግዚአብሔር የሰጠህን መልክ መቀበል ራስን ማድነቅ አይደለም፤ የሠራህን አለማማት ነው። ለመለወጥ የምትሻ ከሆነ አባ ሙሴ የለወጠውን ለውጥ።

እነሆ መጨረሻው። ታሪኩን አንብቤ እንደጨረስሁ ወደዚያ ወንድማችን ቤት ሄድሁ። እናቱ በር ከፍተው አስገቡኝ፤ ቡናም አፈሉልን። ይቅርታ ስጠይቀው ብዙ አልተናገረም። ስድቡ ከእኔ እንዳልጀመረና ከልጅነቱ እንደሚያውቀው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ግን አልጠብቅም ብሎ እንደ ነበረ ብቻ ነገረኝ። ከሁሉም ይህ ቃሉ በልቤ ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ መጣ። ታሪኩን ለክፍሉ ከተናገርሁ በኋላ ሚናውን እንደ ገና አከፋፈልን። እርሱ አባ ሙሴን መሆን አልፈለገም፤ አባ መቃርስን መረጠ፤ ያንን ሰሌዳ ሲነጣ ያየውን አባት ማለት ነው። አባ ሙሴን ሌላ ልጅ፣ መልኩ ቀይ የሆነ፣ ከሰል ሳይቀባ ሠራው። ከተመልካቹ መካከል ስለ ቀለም የጠየቀ አልነበረም።

የአባታችን የአባ ሙሴ ጸሊም በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።